በምጸት ሥር የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ጥር ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ከኮት ኪሳቸው ጥሬ ዝንጅብል አወጡ። በጥፍራቸው ልጣጩን ፋቅ ፋቅ አድርገው ጫፉን ገመጡት። ሽታው መኪናውን ሞላው። ረዳቱ የት እንደምወርድ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ አልሰማሁትም። እኔ ደሴ ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ። ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ መምህር ኤልያስ ዝንጅብላቸውን በጉንጫቸው ይዘው ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ዘይቤ» ብለው ይጽፋሉ።

ያን ዓመት ለሰው አውርቼው አላውቅም። ግማሹ ያሳፍረኛል።

ደሴ የገባሁት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ቤታችን ከቢስቲማ ወጣ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ማሽላው አሽቶ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ጠፋና ማማው ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ሳስጮህ ወር አለፈ። የከተማው ልጆች ግን መማር ከጀመሩ ቆይተዋል። የአባዬ እህት አክስቴ ከድጃ ሆጤ ሰፈር፣ ከቤቷ በተያያዘች ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትኖር ነበር። አንዲት ልጇን ከዳረች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልባት፣ «ሰዓዳን ስጠኝ፤ እኔ ዘንድ ሆና ትማር» ብላ አባዬን ለመነችው። አባዬም እሺ አለ። ሲሸኘኝ ግን መኪናው በር ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦

«ከአክስትሽ ቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት አክስትሽ ቤት። ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ ክፉ ወሬ የሰማሁ ቀን፣ ወላሂ፣ በማግስቱ እዚህ ነሽ።»

አባዬ ወላሂ ካለ አለቀ። ተመልሶ አያውቅም።

የደሴ ብርድ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ እሄዳለሁ፤ ክፍል ስደርስ ጣቶቼ እስክሪብቶ አይዙልኝም። ስድሳ ሦስት ነበርን። ልጆቹ አስተማሪ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚሉት። እኔ «መምህር» ስል ይስቁብኛል። ስለዚህ ዝም ማለትን መረጥኩ።

የአማርኛ መምህራችን መምህር ኤልያስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ብለው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። የወንጌል አማኝ ናቸው። ክፍል ሲገቡ «ጌታ ይባርካችሁ» ሲወጡ «ጌታ ይባርካችሁ» ይላሉ፤ ያንኑ የሚሉት ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እኩል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ሄዷል። የቀረው ሻካራ፣ የተሰነጠቀ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ሲያስተምሩ በየመሀሉ ያቆማሉ፣ ከፔርሙዛቸው ሙቅ ውሃ ይጎነጫሉ፣ ዝንጅብላቸውን ያላምጣሉ፣ ይቀጥላሉ።

መጀመሪያ የሰማኋቸው ቀን ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም። አያቴ ከሞቱ ገና ስምንት ወራቸው ነበር። አያቴ በአካባቢያችን መንዙማ የሚያወጡ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያንጎራጉሩ አርጅተው ድምፃቸው ልክ እንዲህ ተሰነጣጥቆ ነበር። በልጅነቴ ጭናቸው ላይ ተኝቼ ያንን ድምፅ በጀርባዬ ነበር የምሰማው፤ ደረታቸው ውስጥ እንደ ወፍጮ ይዞራል። ያ ድምፅ ከአፈር በታች ገብቷል ብዬ ቆርጬ ነበር። እነሆ ደሴ ላይ ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ ሲያስተምር አገኘሁት።

ልጆቹ መምህሩን በስውር «ሞረድ» እንደሚሏቸው አላወቅሁም ነበር። ቢላ የሚስሉበት ሞረድ። ስሙን ያወጣው አቤል የሚባል የፊተኛው ረድፍ ልጅ ነው። ቀጠን ያለ፣ አፈ ፈጣን፣ ያልሳቀበት ነገር የሌለ ልጅ። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ የሱን ያህል ያማረ የእጅ ጽሑፍ ያለው አልነበረም። ስለዚህ መምህር ኤልያስ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ «አቤል፣ ደብተርህን ለዚች ልጅ አውሳት። ያመለጣትን ትገልብጥ» አሉት። አቤል ደብተሩን ወረወረልኝ። ተቀበልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አክስቴ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ እኔ ሥሯ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ገለበጥኩ።

ቃሎቹ ሁሉ የማውቃቸው ይመስሉኝ ነበር። ችግሩም እሱ ነበር። መምህር ኤልያስ አንድ ቀን «ሰኞ ስለ ሴራ እንማራለን» ቢሉ ደነገጥኩ። እኔ የማውቀው ሴራ ሰዎች ተሰባስበው ሰው የሚጎዱበትን ነው። ለአክስቴ ነገርኳት።

«ያ ረቢ! በትምህርት ቤት?» አለችና መርፌዋን አቆመች። «አንቺ ግን እንዳትገቢበት። ሲጀምሩ ውጪ።»

ሴራ የታሪኩ አወቃቀር፣ አንዱ ድርጊት ሌላውን እየጎተተ የሚሄድበት መንገድ መሆኑ የገባኝ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ነው። «ግጭት» ሲሉም ከሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚገለበጥ የጭነት መኪና ነበር የሚታየኝ። «መቼት» ብቻ ነበር ያልከበደኝ። መቼ፣ የት። ያንን ቃል የፈጠረው ሰው ደግ ሰው ነው አልኩ።

ምጸት ላይ ስደርስ በአቤል ደብተር ውስጥ ያለው እንዲህ ይል ነበር፦ «ምጸት፦ አንድን ሰው ወይም ነገር በማወደስ።» ከዚያ በታች ባዶ ነው። ቀጣዩ ገጽ ሌላ ርዕስ ይዟል። ደጋግሜ አነበብኩት። ምጸት። ምጽዋት። በቃ ገባኝ! ምጽዋት ለተቸገረ የሚሰጥ ገንዘብ ወይም እህል ነው፤ ምጸት ደግሞ ለሰው የሚሰጥ ደግ ቃል መሆን አለበት። ሰውን በማወደስ ልቡን የምትሞላበት። አያቴ «መልካም ቃል ሰደቃ ነው» ይሉ ስለነበር የአማርኛ ሊቃውንትም ይህንኑ ማለታቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ መምህር ኤልያስ የቤት ሥራ ሰጡን። ለእያንዳንዱ ዘይቤ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሳችን እንድንጽፍ። ለተነጻጻሪው፣ ለተለዋጩ፣ ለሰውኛው፣ ለግነቱ ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ። ምጸት ላይ ስደርስ ግን ጊዜ ወሰድኩ። ማንን ላወድስ? አባዬ አያነበውም። አክስቴም አታነበውም። ይህን ወረቀት የሚያነቡት አንድ ሰው ናቸው። ታዲያ እኚያ ሰው ታመው፣ ተቸግረው ያስተምሩኛል፤ አንድ ቀንም ደግ ነገር ነግሬያቸው አላውቅም። በጥንቃቄ፣ በምችለው የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ።

በማግስቱ እየተነሳን እንድናነብ ታዘዝን። ተራዬ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹን አራቱን አነበብኩ። ከዚያ፦

«ምጸት። የመምህራችን ድምፅ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ያማረ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያስተምሩኝ ቢውሉ አልጠግባቸውም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጠረጴዛ የሚደልቅ ነበር፣ ከወንበሩ የወደቀ ነበር። አቤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይንፈራፈራል። እኔ ደስታ መሰለኝ። አዎ፣ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

መምህር ኤልያስ ከመስኮቱ ዘወር አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ድገሚው» አሉ።

ወደዱት አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

የመጣው ሳቅ ጎረቤት ክፍል ሳይሰማ አልቀረም። መምህር ኤልያስ መዝገባቸውን ዘጉ። በዝግታ ነበር የዘጉት።

«ውጪ» አሉ። «ያለ ወላጅ እንዳላይሽ።»

«መምህር፣ ከልቤ ነው እኮ! ወላሂ ድምፅዎን እወደዋለሁ!»

ይህን ማለቴ ነገሩን አባሰው። ደብተሬን ሰብስቤ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል ወጣሁ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ሰውን ማመስገን ደሴ ውስጥ የሚያስቀጣ ነገር ይሆን?

ወላጅ ማለት አባዬ ነው። አባዬ ከመጣ ደግሞ መመለሴ ነው። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጣሁ፤ ከመናኸሪያው አጠገብ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ወደ ሐይቅና ወደ ወልዲያ የሚጣሩትን ረዳቶች እያየሁ ሰዓት እቆጥራለሁ። የቢስቲማው መኪና ሲጫን ግን ፊቴን አዞራለሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ። ደብተሬን አውጥቼ ያንን ዓረፍተ ነገር አነበዋለሁ። «ያማረ ነው።» የቱ ጋ ነው ስህተቱ? ፊደል ገደፍኩ ይሆን?

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አቤል የተቀደደ ሱሪውን ይዞ አክስቴ ዘንድ ይሄዳል። ሰፊዋ የኔ አክስት መሆኗን አያውቅም። እሷ ቀዳዳውን ስትመለከት እሱ ያወራል። አንዲት የገጠር ልጅ መምህራቸውን እንዴት አድርጋ እንደተሳለቀችባቸው፣ እንዴት እንደተባረረች፣ ሦስት ቀን እንደጠፋች።

«ስሟ ማነው?» አለችው አክስቴ።

«ሰዓዳ።»

ማታ በሩን ገፍቼ ስገባ አክስቴ መኪናዋን ትታ ቆማ ጠበቀችኝ። እጇን በእጇ እያጨበጨበች፦

«እሰይ! እሰይ የኔ ጎበዝ! ሦስት ቀን ሙሉ ተማርሽልኝ! ደከመሽ ይሆን ልጄ? ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ የዛሬውን ትምህርት ንገሪኝ!»

ተንበርክኬ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አክስቴ ሰማችኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«ነገ» አለች። «ለወንድሜ አልነግርም። ነገ እኔ ነኝ ወላጅሽ። አብሽሪ።»

መምህራን ክፍል ውስጥ መምህር ኤልያስ ብቻቸውን ተቀምጠው ወረቀት ያርሙ ነበር። አክስቴን ሲያዩ ተነሱ፤ ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም።

«እንዴት አደሩ መምህር?»

«ጌታ ይመስገን። እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ። ልጂቱ አመሰገነችዎት አሉኝ። እኛ አገር ያመሰገነ ይመረቃል እንጂ አይባረርም። ደሴ ሕጉ ተቀይሮ ነው?»

መምህር ኤልያስ ወደኔ ዞሩ። ቁጣቸው ወጥቶላቸው ነበር፤ የቀረው ድካም ነው።

«ሰዓዳ፣ ምጸት ምንድን ነው?»

«ለሰው የሚሰጥ ደግ ቃል።»

«ማን አለሽ?»

«እንደ... እንደ ምጽዋት» አልኩና ደብተሬን ዘረጋሁ። ጎንበስ ብለው አነበቡ። «በማወደስ» ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ገጹን ገለጡ፣ መለሱ። ከዚያ በሩ ላይ የሚያልፍ ተማሪ ጠርተው አቤልን ከነደብተሩ አስመጡ። አቤል አክስቴን ሲያይ በሩ ላይ ደረቀ።

«ቀሪው የት አለ?» አሉት መምህር ኤልያስ። «'በማወደስ መልክ መንቀፍ' ነው ያልኩት። መንቀፉ የት ሄደ?»

«ደወል ተደወለ ቲቸር» አለ አቤል።

መምህር ኤልያስ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት ሳል ሲቀላቀልበት ነው። ከፔርሙዛቸው ጠጡ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እሺ። የምጸቱ ነገር ገባኝ። ግን ልጄ፣ ለምን ድምፄን? ሌላ የሚወደስ አጣሽብኝ?»

«የአያቴን ይመስላል» አልኩ። «አያቴ መንዙማ ያወጡ ነበር። ሞተዋል።»

መምህር ኤልያስ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጪው ጭጋግ ነው፤ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ሁለት ዓመት ሆነው ይሄ ድምፅ ከመጣብኝ» አሉ ሳይዞሩ። «የወደደው ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እኔን ጨምሮ።»

ከዚያ ዞረው አክስቴን፣ «ሦስት ቀን መጥፋቷን ሲሰሙ ምን አሏት?» ብለው ጠየቋት። አክስቴ ትንሽ አፈረች። ግን ነገረቻቸው፤ እሰይ ጎበዝ፣ ተማርሽልኝ፣ ደከመሽ ወይ።

«ይኸውልሽ» አሉኝ። «ያ ነው ምጸት። አክስትሽ እያወደሱሽ ነበር? ወይስ እየገረፉሽ?»

በአንድ ጊዜ ገባኝ። አክስቴ «እሰይ» ስትል ልቤ እንዴት እንደተቃጠለ ትዝ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ያ ሁሉ ልጅ እየሳቀ፣ እኔ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለታመመ ሰው ምን እንዳልኩ ገባኝ። አንዴ ብቻም አይደለም። ድገሚ ሲሉኝ ደግሜዋለሁ። እስከዚያ ድረስ የተበደልኩት እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ግን አንገቴን ሰበርኩና እንባዬ የሲሚንቶው ወለል ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«አይዞሽ» አሉ መምህር ኤልያስ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትርጉም ጽፌ ትርጉም አስገልብጬ ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር።»

አቤል አሁንም በሩ ላይ ቆሟል። አክስቴ ስታልፍ፣ «ሱሪህ ደርሷል፤ ናና ውሰድ» አለችው። እሱ ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ መምህር ኤልያስ ክፍል ገብተው የሆነውን ለሁሉም ነገሩ። ማንንም በስም አላነሱም፤ ደብተር የሞላውንም ሆነ ያልሞላውን። «ይህች ልጅ የተናገረችው ምጸት አልነበረም። ቀጥተኛ ንግግር ነበር። ምጸት ያደረግነው እኛ ነን» አሉ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የነበረውን ትርጉም ሁሉ በመጥረጊያው አጠፉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ትርጉም አልጽፍም። እናንተ ዓረፍተ ነገር ታመጣላችሁ። ከመጽሐፍ አይደለም። ከቤታችሁ፣ ከገበያ፣ ከታክሲ። ሰው አፍ ላይ የሰማችሁትን። ስሙን አብረን እናወጣለን።»

እንዲህ ሆነ በዚያ ዓመት ጆሯችን የተከፈተው። ሰኞ ገበያ ስትሄድ ሰው ሲከራከር ቆመህ ትሰማለህ። አንዷ ልጅ «በርበሬው ተኮፍሷል፣ ሰው አያናግርም» የሚል ነጋዴ አመጣች፤ ሰውኛ ነው ተባለ። ሌላው አያቱ «ስጠብቅህ ሸበትኩ» ማለታቸውን ይዞ መጣ፤ ግነት ነው አልን፤ «አያቴ ግን እውነትም ሸብተዋል» ብሎ ተከራከረ፤ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በሆጤ ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን ነበር የሚመጣው። አንድ ማለዳ ውሃው ፏ ብሎ ሲፈስ አክስቴ ባልዲዋን እያነሳች፣ «እንኳን ደህና መጣሽ እሜቴ! ምነው ቸኮልሽ? ገና ስምንት ቀንሽ ነው እኮ!» አለችው። በሩጫ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ይሄ ሰውኛ ነው ወይስ ምጸት? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። መምህር ኤልያስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አዳመጡ፤ መጨረሻ ላይ፣ «ሁለቱም ነው። አክስትሽ እዚህ መጥተው ያስተምሩ» አሉ። ለአክስቴ ስነግራት ሳምንቱን ሙሉ ለየደንበኛዋ አወራችው።

አቤል ግን ተለውጦ ነበር። አይስቅም። ደብተሩን አንድም ነጥብ ሳያስቀር ይሞላል፤ ደወል ከተደወለ በኋላ ሁሉ ተቀምጦ ይጽፋል። ከኔ ጋር ግን አይነጋገርም።

የካቲት ላይ ስለ ተለዋጭ ዘይቤ እንደገና የተማርንበትን ቀን የረሳ የክፍላችን ልጅ ያለ አይመስለኝም። ተነጻጻሪውን ከተለዋጩ መለየት አቅቶን ነበር። መምህር ኤልያስ ደክሟቸዋል፤ የዚያን ቀን ድምፃቸው ከሹክሹክታ አይበልጥም። ጠመኔ አነሱና ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦

«የኤልያስ ድምፅ እንደ ሞረድ ነው።»

ከሥሩ ደግሞ ጻፉ፦

«ኤልያስ ሞረድ ነው።»

ዞሩ። ማንንም ለይተው አላዩም።

«በላይኛው 'እንደ' አለ። እኔ አንድ ነገር ነኝ፣ ሞረዱ ሌላ ነገር ነው፤ ጎን ለጎን ቆመን ተነጻጸርን። በታችኛው 'እንደ' ጠፍቷል። እኔ ጠፍቼ ሞረዱ ቀርቷል። ተለዋጭ የሚባለው ለዚህ ነው። ልዩነቱን ያየ?»

አቤል አንገቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ጆሮው ቀልቷል። መምህር ኤልያስ በዚያች ሹክሹክታቸው፣ «ምሳሌው ጥሩ ነው። ሞረድ የደነዘ ነገር ይስላል። የፈለሰፈው ልጅ የቋንቋ ችሎታ አለው» አሉ። ከዚያ ሰሌዳውን ጠርገው ወደሚቀጥለው አለፉ።

ከፋሲካ በኋላ አልመጡም። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ተልከዋል ተባለ። ምትክ መምህር ጥቂት ጊዜ መጥቶ ቀረ። ፈተናው ደግሞ እየደረሰ ነው። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ስተክል አቤል በሩ ላይ ቆመ። ሱሪ አልያዘም።

«ሰዓዳ» አለ። ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። «ደብተሬ ሙሉ ነው። ከፈለግሽ።»

አክስቴ ከመነጽሯ በላይ አየችው፣ እኔን አየችኝ። «በሩን ክፍት አድርጉት እንጂ ቁጭ በሉ» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሆንን፣ ከዚያ አሥራ አንድ። የተቆራረጠ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን፣ የስፌት መኪናው ከላያችን እየተንጣጣ፣ አንዱ ይጠይቃል ሌላው ይመልሳል። አቤል ትርጉሙን ያነባል፤ እኔ ምሳሌ ከአክስቴ አፍ እለቅማለሁ። መምህር ኤልያስን ማንም በቅጽል ስማቸው አልጠራቸውም።

ሰኔ ላይ ውጤት ተለጠፈ። መምህሩ ከሕክምና ተመልሰው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ እንዳረፉ ሰምተን ስለነበር ልሄድ ተነሳሁ። አክስቴ ፈቀደች። መናኸሪያ ስደርስ አቤል ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቆሟል።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ።

ሐረጎን ስንወርድ ሙቀቱ ከታች እየመጣ ይቀበለን ጀመር፤ ሹራቤን አወለቅሁ። አቤል መንገዱን ሙሉ ቃል አልተናገረም። ቤቱን ጠይቀን አገኘነው። የብረት በሩ ጋ ስንደርስ ግን ፌስታሉን እጄ ላይ አድርጎ ወደኋላ አለ።

«አንቺ ግቢ።»

«አንተስ?»

«ያውቃሉ እኮ» አለ። «ስሙን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉ።» መንገዱን ተሻግሮ አንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆመ፤ ጀርባውን ሰጠኝ።

በሩን የከፈተችልኝ የመምህር ኤልያስ ልጅ ሩት ናት። አባቷ አንገታቸው ላይ ነጭ ፋሻ ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሲያዩኝ ግን ዓይናቸው በራ። ልናገር ብለው አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸው ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው።

«ሐኪሞቹ እንዳይናገር ብለዋል» አለችኝ። «ድምፁ ይመለስ አይመለስ ገና አይታወቅም።»

ጭናቸው ላይ ደብተርና እርሳስ አለ። «ውጤት?» ብለው ጻፉ። ነገርኳቸው። ከክፍሉ አራተኛ ወጥቻለሁ፤ በአማርኛ ደግሞ ሁለተኛ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው፣ «ክፍሉስ?» ብለው ጻፉ። ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደወደቀ፣ በአክስቴ ሱቅ እንዴት እንዳጠናን እስኪደክመኝ ተረክኩላቸው። ስለ አክስቴ ሳወራ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበር።

ከዚያ እርሳሱን ይዘው ትንሽ አሰቡ። አንድ ስም ብቻ ጻፉ።

«አቤልስ?»

«በአማርኛ አንደኛ የወጣው እሱ ነው» አልኩ። ቀሪውን ልተወው አሰብኩና አልቻልኩም። «አብሮኝ መጥቷል። ውጪ ቆሟል። መግባት ፈርቶ።»

መምህር ኤልያስ ደብተራቸውን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ተነሱ። ሩት «አባ፣ እኔ እጠራዋለሁ» ብትል በእጃቸው አስቆሟት። በነጠላ ጫማቸው ግቢውን አቋርጠው የብረቱን በር ራሳቸው ከፈቱት። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። አቤል ከመንገዱ ማዶ ፊቱን አዙሮ ቆሟል፤ በሩ ሲከፈት አልሰማም። መምህሩ ሊጠሩት አይችሉም። ቆም አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ።

አቤል ዞረ። ግራ ቀኙን ሳያይ ተሻገረ።